ጎርፍ እንዲገባ የተፈቀደበት ሰፈር

በአውሮፓ የብርድ ወራት ከሰሜን ባሕር የሚነሣው ዐውሎ ነፋስ ውኃውን ሽቅብ ወደ ኤልቤ ወንዝ ሲገፋው፣ በጀርመኗ ሃምቡርግ ሃፈንሲቲ በሚባለው ሰፈር ብዙም ድንጋጤ የለም። ወንዝ ዳር ያሉት ካፌዎች ወንበርና ጠረጴዛቸውን ያስገባሉ፤ በሕንፃዎቹ ግርጌ ያሉት የብረት መዝጊያዎች ይዘጋሉ፤ ከዚያ ውኃው ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወንዙ ከባሕር ወለል በላይ 6 ሜትር ከ9 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ነዋሪው ግን ከላይ በተሠራው ድልድይ ወጥቶ መግባት ይችላል።

ሃፈንሲቲ ዛሬ ቤት፣ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና ሱቅ የተቀላቀሉበት ሰፈር ነው። ቀድሞ ግን ጫኝና አውራጅ የሚራወጥበት ወደብ ነበር። አጠገቡ ያለው ሽፓይሸርሽታት የተባለው የቀይ ጡብ መጋዘን ሰፈር ከ1883 ጀምሮ የተገነባ ሲሆን፣ ቡናና ቅመማ ቅመም፣ ሻይና ምንጣፍ ሲከማችበት ኖሯል። የኢትዮጵያ ቡናም ወደ ጀርመን ገበያ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ወደብ ነው። ኮንቴነር የመጣ ጊዜ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ግዙፎቹ መርከቦች በጠባቡና ጥልቀት በሌለው በአሮጌው ወደብ መቆም አልቻሉም፤ ሥራው ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ከከተማው መሐል በእግር የሚደረስበት 157 ሄክታር ቦታ ሥራ ፈትቶ ቀረ። የከተማው ከንቲባ ሄኒንግ ፎሼራው ቦታውን ወደ ሰፈር የመለወጡን ሐሳብ ለሕዝብ ይፋ ያደረጉት በ1997 ነው። መነሻው የከተማ ውበት ብቻ አልነበረም፤ ከመሬቱ ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብ አልተንቨርደር የተባለውን አዲስ የኮንቴነር ወደብ ለመሥራት ታስቦ ነበር።

አስቸጋሪው ጥያቄ ግን ውኃው ነበር። ሃምቡርግ ከባሕር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሲጎድል ኤልቤም አብሮ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ዐውሎ ነፋስ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ከተማዋ አትረሳውም፤ በየካቲት 1962 ጎርፉ ክትሩን ጥሶ ገብቶ በሃምቡርግ ብቻ 315 ሰው ገድሏል። ስለዚህ ለማንም መጀመሪያ የሚታሰበው መፍትሔ አዲሱን ሰፈር በክትር ማጠር ነው። አልታጠረም። ምክንያቱ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው ቤት ሰው ከመግባቱ በፊት ክትሩ ዙሪያውን ማለቅ አለበት፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ቀድሞ የሚያወጣው ደግሞ ከተማው ነው። ደግሞስ ወንዝ ዳር ቤት የገዛ ሰው ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ሊኖር ነው?

የተመረጠው መንገድ እያንዳንዱን ሕንፃ ከፍ ባለ መደብ ላይ ማቆም ነበር። የመደቡ ከፍታ ከባሕር ወለል 8 ወይም 9 ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዶቹና ድልድዮቹም ጎርፍ በማይደርስበት ልክ ከፍ ተደርገዋል። በአሮጌው የወደብ ዳርቻ ያለው የእግረኛ መንገድ ግን በነበረበት ዝቅታ፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ተኩል ላይ ቀርቷል፤ ጎርፉ እንዲወጣበት የተተወውም እሱ ነው። የመደቡ ሆድ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ብልሃቱ የሚደነቀው በሒሳቡ ነው፦ የመደቡን ወጪ የሚችለው አልሚው ሲሆን፣ ሰፈሩም ክትር ሳይጠብቅ ሕንፃ በሕንፃ እየተጨመረ ሊያድግ ቻለ።

መደቡ ግን የራሱን ጣጣ አመጣ። መኪና የቆመበት ግድግዳ ከወንዙ በኩል ለሚሄድ እግረኛ ድፍን ግንብ ነው፤ ድፍን ግንብ አጠገብ ደግሞ ሰው አይዝናናም። ለዚህ ነው በአንዳንድ ቦታ የመደቡ ፊት ተከፍቶ፣ የጎርፍ መዝጊያ የተገጠመለት ምግብ ቤት የገባበት። ከላይ በመንገዱ ደረጃ ደግሞ፣ ሰው በሚበዛባቸው ቦታዎች የግራውንዱ ጣሪያ ቢያንስ 5 ሜትር ከፍታ እንዲኖረው ግዴታ ተጣለ። ዛሬ ቢሮ የሆነው ክፍል ነገ ካፌ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ለመሆን ቁመቱ እንዳያንሰው ነው። የቅይጥ ሕንፃ ዋናው ፈተና ግራውንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፎቁ ላይ ማንም ይኑር ማን፣ ለመንገዱ ሕይወት የሚሰጠው ወይም የሚነሣው የታችኛው ወለል ነው።

ይህን ሁሉ ማስገደድ የተቻለው መሬቱ የከተማው ስለነበረ ነው። በሽያጩ ዋናው መመዘኛ የገንዘቡ መጠን አይደለም፤ የሕንፃው አሳብ ከዋጋው የበለጠ ነጥብ ይይዛል። ያሸነፈውም አልሚ ወዲያው ባለቤት አይሆንም። ቦታው ለጊዜው ይያዝለታል፤ የአርክቴክቶች ውድድር ያካሂዳል፤ የግንባታ ፈቃዱን ያዘጋጃል፤ ግዥው የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉን ካጠፈ መሬቱ ወደ ከተማው ይመለሳል።

ወንዙን የተሻገረው ወደብ ደግሞ ሌሊትም አይተኛም፤ የክሬኑና የኮንቴነሩ ድምፅ ውኃ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል። መሐንዲሶቹ በትንሹ ተከፍቶ አየር የሚያስገባ፣ ድምፁን ግን የሚያስቀር መስኮት ሠሩ። መስኮቱ ዛሬም የሚጠራው በሰፈሩ ስም ነው።

ከሁሉም የገነነው ሕንፃ ኤልብፊልሃርሞኒ የተባለው የሙዚቃ አዳራሽ ነው። የስዊዘርላንዶቹ አርክቴክቶች ሄርዞግ እና ደ ሙሮን በ1960ዎቹ የተሠራውን የካካዎ፣ የሻይና የትምባሆ መጋዘን ግድግዳ ትተው ውስጡን አወጡት፤ በላዩም የመስታወት ሕንፃ ጫኑበት። መጋዘኑ የቆመበት 1,111 የኮንክሪት ምሰሶ ስላልበቃ 650 ተጨምሯል። ታች መኪና ማቆሚያ፣ ላይ 2,100 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ሆቴልና 45 መኖሪያ ቤቶች አሉት፤ በ37 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ለማንም ክፍት የሆነ ሰገነት አለ። የዋጋው ነገር ግን አሳፋሪ ነበር። በመጀመሪያው ጥናት የከተማው ድርሻ 77 ሚሊዮን ዩሮ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ጥር 2017 ሲከፈት 789 ሚሊዮን ደርሷል። ዛሬ ጎብኚው ሲጎርፍበት ከንቲባዎቹ ስለ ቁጥሩ ባያነሡ አይገርምም።

ሌላው ነቀፌታ የሀብታም ሰፈር ሆነ የሚለው ነው፤ እውነትነት አለው። መጀመሪያ የተጠናቀቁት የምዕራቡ ክፍሎች ወንዙ ፊት ለፊት የሚታያቸው፣ ዋጋቸውም የናረ ነበር። ከ2010 በኋላ በተሸጡት ቦታዎች ግን ከሚሠሩት ቤቶች ሲሶ ያህሉ በመንግሥት ድጎማ የሚከራዩ እንዲሆኑ ተደንግጓል፤ ምሥራቃዊውም ክፍል ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ የሚበዛበት ሆኗል። ውሳኔው ከመጀመሪያው ቢመጣ ኖሮ በተሻለ።

በምሥራቁ ጫፍ የሚቆመው ኤልብታወር ደግሞ የአንድ ትልቅ ባለሀብት ውድቀት ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። በዴቪድ ቺፐርፊልድ ቢሮ የተነደፈው ይህ ማማ 245 ሜትር ሊደርስ ታቅዶ፣ አልሚው ሲግና በ2023 ሲከስር ግንባታው 100 ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ወንዙን ተሻግሮ ባለው ግራስብሩክ ግን 3,000 ያህል ቤትና 16,000 የሥራ ቦታ የሚኖረው ሌላ ሰፈር ተነድፏል፤ የከተማው ባቡርም ኤልቤን ተሻግሮ ወደዚያ እንዲደርስ ታቅዷል።