ፊት ሲቀላ የሚያምር ቀለም

ነጣ ባለ ቆዳ ላይ የምናየው ቅላት በአብዛኛው የደም ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ትንሽ ሲሆን፣ ብርሃን ብዙም ሳይታገድ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በጥቃቅን የደም ሥሮች መካከል ተበትኖም ተመልሶ ይወጣል። በዚህ መሀል በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከብርሃኑ አረንጓዴውንና ቢጫውን፣ በተለይ በ542 እና በ577 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ውጦ ያስቀራል። ቀዩ ይተርፋል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ሥርም ይኸው ደም ይዘዋወራል፤ ግን ሜላኒኑ ብርሃኑን ቀድሞ ስለሚወስደው የደሙ ቀለም ያን ያህል ጎልቶ አይወጣም።

የስፖርት ልብስ ለሚገዛ ነጣ ያለ ሰው ይህ እውቀት ከብዙ የፋሽን ምክር ይበልጣል። ደም ባለበት አይረጋምና። አንድ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ወደ ቆዳው የሚሄደው ደም በደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው። ሰውነቱ ክፉኛ ሲግልና ሙቀቱን ማስወጣት ሲኖርበት ግን ከ6 እስከ 8 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በሱቅ መስታወት ውስጥ የሚታየው ፊትና ከግማሽ ሰዓት ሩጫ በኋላ ያለው ፊት ቀለማቸው አንድ አይደለም። ጉንጭ፣ ጆሮና አንገት ይቀላሉ፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ በአፉ ዙሪያ ነጭ ሆኖ ይቀርና ቅላቱ ይበልጥ ይለያል። ስለ ልብስ ቀለም የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል የሚነሳው ካረፈ ፊት ነው። የስፖርት ልብስ የሚለበሰው ግን በቀላ ፊት ነው፤ ምርጫውም ከዚያ መነሳት አለበት ባይ ነኝ።

ጨርቅ አጠገቡ ያለውን ፊት እንዴት እንደሚለውጥ በጥንቃቄ ያጠናው ሰው የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ዩጂን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1824 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ የታወቀው የጎብላን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከደረሱት አቤቱታዎች አንዱ ጥቁሩ ክር ጥቁረቱ ደካማ ነው የሚል ነበር። ሼቭረል ክሩን ሌላ ቦታ ከተነከረ ጥቁር ክር ጋር አስተያየና ጉድለት አጣበት። ችግሩ ከጎኑ በተሸመኑት ክሮች ነበር፤ ጥቁሩ ከሰማያዊና ከወይን ጠጅ ክር አጠገብ ሲውል ዓይናችን ጥቁረቱን አሳንሶ ያየዋል። ለዓመታት ሲፈትነው ቆይቶ በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ ሕጉን አስቀመጠ፦ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ እያንዳንዱ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። አረንጓዴ ጎረቤቱን ያቀላል፣ ቀይ ወደ አረንጓዴነት ይወስደዋል፤ ጨለም ያለው አጠገቡ ያለውን ያነጣል፣ ብሩሁ ያጠቁራል። መጽሐፉ ስለ ልብስና ስለ ፊት መልክም በዝርዝር ይናገራል። ነጣ ያለ መልክ ኖሯት ጉንጯ ቅላት ለጎደለው ሴት ለስላሳ አረንጓዴ ይስማማታል ይላል፤ የጎደለውን ይጨምርላታልና። ሮዝ ጨርቅ ግን ከፊት ጋር ሲዋሰን የፊትን ወዝ ይወስዳል።

ምክሩ ለግብዣ ልብስ ግሩም ነው። ለስፖርት ሲሆን ግን ይገለበጣል። ጠዋት ቤት ውስጥ ለገረጣ ጉንጭ ሕይወት የሰጠው የቅጠል አረንጓዴ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ውሃ ሰማያዊ ቲሸርት፣ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያንኑ ጉንጭ የተቃጠለ ያስመስለዋል። ቅላቱ በራሱ በቂ ነበር፤ ልብሱ ጨመረበት። በአንጻሩ ወይን ጠጅና ጠቆር ያለ ቀይ የፊቱን ቅላት ያበርዳሉ። ለቀላ ፊት ቀይ ልብስ መምከር መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል፤ በሼቭረል ሕግ ሲታይ ግን ትክክል ነው፤ ቀዩ ጠቆር ያለ እስከሆነ ድረስ።

ጠቆር ያለ የምልበት ምክንያት አለኝ። ከንጽጽሩ ሌላ ሁለተኛ ኃይል አለ፤ ጨርቁ ራሱ ብርሃን ወደ ፊት ይመልሳል። ደማቅ ልብስ የለበሰ ሰው እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ ሲቆም ከአገጩ ሥር፣ በአንገቱና በመንጋጋው መካከል ያለውን ቦታ ተመልከቱ። ፀሐይ ከላይ ስለሆነች ያ ቦታ ጥላ ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው ከልብሱ ነው። የደማቅ ብርቱካናማ ቲሸርት ቀለም እዚያ ላይ ተጋብቶ በግልጽ ይታያል። ነጣ ያለ ቆዳ የተቀበለውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ የጨርቁን ቀለም ከማንም በላይ ያሳያል። ጨለም ያለ ጨርቅ የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

በዚህ በኩል ከሁሉ የሚብሰው ኒዮን የሚባለው ዓይን የሚወጋ ቢጫ ነው። ማቅለሚያው አልትራቫዮሌቱንና ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ መልሶ ቢጫ-አረንጓዴ አድርጎ ይለቀዋል። በቀን ብርሃን የሰው ዓይን አጥብቆ የሚያየው በ555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ይህንኑ ቀለም ነው። መኪና በሚመላለስበት መንገድ ለሚሮጥ ሰው ይህ ሕይወት ያድናልና ቀለሙን አልነቅፍም። ግን ቦታው ደረት ላይ መሆኑ የግድ አይደለም። ቁምጣው፣ ጫማው፣ ካልሲው ኒዮን ቢሆኑ ሯጩ ይታያል፤ ፊቱም የታመመ አይመስልም። ሲመሽ ደግሞ ኒዮን ብቻውን አያስተማምንም፤ ያን ጊዜ የሚሠራው የመኪናን መብራት ወደ ሾፌሩ የሚመልሰው አንጸባራቂ ጥብጣብ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዓይን አሠራር ነው። ሰዎች በእርግጥ የትኛውን ይመርጣሉ? በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ፔሬት ከባልደረባው ጋር በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ተሳታፊዎች የነጭ ሴቶችን ፎቶ በስክሪን እያዩ ለእያንዳንዷ የሚያምርባትን የልብስ ቀለም እንዲመርጡ ተደርጓል። ነጣ ላሉት ሰማያዊ፣ ፀሐይ ላጠቆራቸው ቀይና ብርቱካናማ ነክ ቀለሞች ተመረጡ። ምርጫው ከሰው ሰው መመሳሰሉ ነው ዋናው ቁም ነገር፤ የግል አመል ብቻ ቢሆን ኖሮ የተበታተነ በሆነ ነበር። እርግጥ ነው ፊቶቹ ያረፉ ነበሩ። ቢሆንም ጠቆር ያለው ሰማያዊ፣ ኔቪ የሚባለው፣ ከቀላ ፊትም ጋር አይጣላም፤ ጨለማነቱ ቆዳውን ያበራዋል፣ አረንጓዴነት ስለሌለበትም ቅላቱን አያባብስም። ጠቆር ያለ ሐምራዊም እንዲሁ። ሰውን በአራቱ ወቅቶች ከፍሎ ቀለም የሚያድለው፣ በ1980 በወጣው የካሮል ጃክሰን መጽሐፍ የተስፋፋው ዘዴ ግን ከዚህ ጥናት ጋር መምታታት የለበትም። ያ የአማካሪዎች ልማድ ነው።

ነጣ ያሉ ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱት ክሬም፣ ቤዥና ፈዛዛ ሮዝ ሲመርጡ ነው። ቀለማቸው ከቆዳቸው ጋር አንድ ስለሚሆን ለስላሳ ይመስላቸዋል። የሰውን ቅርጽ የምናየው ግን በወሰኑ ነው፤ ክንድ የት አልቆ ቲሸርቱ የት እንደጀመረ የሚያሳየው የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ነው። ያ ልዩነት ሲጠፋ ሰውየው ራቅ ሲል አንድ ወጥ ገርጣ ያለ ነገር ይሆናል፤ ከዚያ ሁሉ መሀል ጎልቶ የሚወጣው የቀላው ፊት ብቻ ነው። ጥቁር ተቃራኒው ነው፤ ወሰኑን አጥብቆ ይስላል፣ ቆዳውን በጣም ያነጣል። ለእኔ ዓይን ኔቪ ከጥቁር ይሻላል፤ ልዩነቱን ይጠብቃል፣ ፊቱንም አያገረጣውም።

ላብም የራሱ ሕግ አለው። ጨርቅ ሲረጥብ የሚጠቁረው በቃጫዎቹ መካከል የነበረውን አየር ውሃ ስለሚተካው ነው። የውሃ ብርሃን የማጠፍ አቅም ከቃጫው ጋር ስለሚቀራረብ፣ ቀድሞ እየተበተነ ወደ ዓይናችን ይመለስ የነበረው ብርሃን ወደ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ዝናብ የመታው አፈር የሚጠቁረውም በዚሁ ነው። አመድማ ልብስ መሀከለኛ ስለሆነ ለመጥቆር ብዙ ቦታ አለው፤ ብብትና ጀርባ ላይ ካርታ ይሥላል። ኔቪና ጥቁር ድሮም ጨለማ ናቸውና ላቡን ይደብቃሉ። ነጭ ጥጥ አይጠቁርም፤ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፣ የቆዳው ሮዝነት በጨርቁ ውስጥ ይታያል።

ቆዳ በጨርቁ ውስጥ የሚታይ ከሆነ ፀሐይም ይገባል፤ ለእኔ ከማማር ሁሉ የሚቀድመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨርቅ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካው ዩፒኤፍ በተባለ ቁጥር ነው፤ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በ1996 ደረጃ አወጡለት። ዩፒኤፍ 50 ሲባል ከጨረሩ የሚያልፈው ሃምሳኛው እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። ስስ ነጭ የጥጥ ቲሸርት ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ነው፤ ሲረጥብ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ያው ጨርቅ ኔቪ ወይም ጥቁር ሲነከር ማቅለሚያው ጨረሩን ስለሚውጥ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ የልብስ ሳሙና ዱቄት ነጭን የሚያፈካ ንጥረ ነገር አለበት፣ እሱም አልትራቫዮሌቱን ውጦ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያወጣ በተደጋጋሚ የታጠበ ነጭ ጥጥ መጠነኛ ጥበቃ ይጨምራል። ታይት የሚገዛ ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ይሞክር፤ እጁን ጉልበቱ ጋ አስገብቶ ይወጥረው። ቀለሙ በላዩ ላይ ብቻ የታተመ ከሆነ ከሥር ያለው ነጭ ብቅ ይላል፣ ቁጭ ብድግ ሲል ጉልበቱ ይገረጣል፣ በተወጠረው ቀዳዳም ፀሐይ ይገባል።

ጥቁር ልብስ ያቃጥላል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ጥብቅ ከሆነ እውነት ነው። በ1980 ኔቸር ላይ የወጣና በኔጌቭ በረሃ የተደረገ ጥናት ግን ሰፊ ጥቁር የቤዱዊን ቀሚስ ወደለበሰ ሰው ሰውነት ነጭ ከለበሰው የበለጠ ሙቀት እንደማይገባ አሳይቷል፤ ጨርቁ ቢግልም በሥሩ የሚነፍሰው አየር ሙቀቱን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ጠቆር ያለው ልብስ ሰፋ ይበል።

በእኛ አገር ይህ ጉዳይ ከባሕር ጠለል አገሮች ይከብዳል። አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለከፍታ ልምምድ ወደ ሱሉልታ የሚመጡት ነጭ ሯጮች አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩን ይንቁታል፤ ማታ ትከሻቸው ተቃጥሎ ይገኛል። የእኛዎቹ ቀያዮችም ከዚህ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደሉም። በሳራ ቲሽኮፍ የተመራውና በ2017 በሳይንስ መጽሔት የታተመው ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ሰዎች በተወሰደ ናሙና እንዳሳየው፣ አውሮፓውያንን ካነጧቸው የዘረመል ለውጦች አንዱ፣ ኤስኤልሲ24ኤ5 በተባለው ዘረመል ላይ ያለው፣ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ በስፋት ይገኛል፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባ ነው። ቀይ የምንላቸው ሰዎች ሲሮጡ ጉንጫቸው ሲቀላ የምናየው፣ የወይን ጠጅና የኔቪው ምክር ለእነሱም የሚሠራው ሜላኒናቸው ቀለል ስለሚል ነው።

ሱቅ ውስጥ ያለው የኤልኢዲ መብራት ግን ኔቪን ጥቁር፣ ወይን ጠጁን ቡኒ ሊያስመስል ይችላል። ሁለት ጨርቆች በአንድ መብራት ሥር አንድ ሆነው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ሽሮ ሜዳ ጥለት የሚመርጡ እናቶች ጨርቁን ይዘው ወደ ደጅ የሚወጡት ለዚህ ነው፤ ቱታ ሲገዛም እንዲሁ ይደረግ፤ ከተቻለ ደግሞ ፈጠን ብሎ ከተራመዱ በኋላ፣ ፊት ሞቅ ባለበት ሰዓት ይለካ።

ከሁላችንም የነጣ ቆዳ ያላቸው አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። በአፍሪካ በብዛት የሚታየው ዓይነት ኦሲኤ2 በተባለው ዘረመል ለውጥ የሚመጣ ሲሆን፣ ሰውነት ሜላኒን በበቂ መጠን አይሠራም፤ ዓይናቸውም ብርሃን አይችልም። አልቢኒዝም ላለበት ተማሪ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አጭር እጅጌ ነጭ ካናቴራ ማልበስ ቆዳውን ለቃጠሎ መስጠት ነው፤ ቃጠሎው ሲደጋገም የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ነጩ ጨርቅ ወደ ላይ የሚመልሰው ብርሃን ዓይኑንም ያስጨንቀዋል። ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ኔቪ ወይም ወይን ጠጅ፣ እጅጌው እስከ አንጓ፣ ኮሌታው ማጅራት የሚሸፍን፣ ከላዩም ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ይልበስ፤ ፊት ለፊቱን ብቻ የሚያጠላው ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ለፀሐይ ይተዋል። ፊትን የሚያሳምሩት ቀለሞችም እነዚሁ ስለሆኑ፣ ልጁ ሲሮጥ ሊቀላ ቢችልም ልብሱ አይጣላውም፤ ልብሱ የማይደርስባቸው ጆሮ፣ አፍንጫና የእጅ ጀርባ ደግሞ የፀሐይ ክሬም ይቀቡ፣ ላብ ሲያጥባቸውም ይደገሙ።