የጭነት መኪና በኪራይ መያዝ፤ ለነጂው ትርፍ ነው ወይስ ዕዳ?

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አገር ያለው ንግድ በካሚዮን ላይ የቆመ ነው። የመተማና የቋራ ሰሊጥ ወደ ጎንደር የሚወጣው፤ የዳባትና የደባርቅ ገብስ ወደ ገበያ የሚደርሰው፤ በጂቡቲ በኩል የገባውም ዕቃ በየሱቁ የሚራገፈው በካሚዮን ነው። ስለዚህ የካሚዮኑ ነጂ በምን ዓይነት ውል እንደሚሠራ መረዳት፥ ለነጂው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ለሚያስጭነው ነጋዴም ይጠቅማል።

ብዙ ዓመት በደመወዝና በአበል ሲነዳ የኖረ ሰው አንድ ቀን «መኪናውን ውሰድ፤ በየወሩ ይህን ያህል ክፈል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራስህ ይሆናል» የሚል ሐሳብ ይቀርብለታል። ነገሩ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል። ሆኖም ነጂው ውሉን በፈረመበት ዕለት ሠራተኛነቱን ትቶ ነጋዴ ይሆናል፤ ትርፉ የእርሱ እንደሚሆን ሁሉ ኪሣራውም የእርሱ ነው።

ስለ ውሉ ዓይነት

የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 ተደንግጎ፥ በአዋጅ ቁጥር 807/2005 ተሻሽሏል። ሕጉ ሦስት ዓይነት ውል ይለያል። አንደኛው የፋይናንስ ኪራይ ነው፤ አከራዩ ዕቃውን ከሦስተኛ ወገን ገዝቶ ለተከራዩ ይሰጣል፥ ባለቤትነቱ ግን በአከራዩ እጅ ይቆያል። ሁለተኛው የዱቤ ግዥ ነው፤ ተከራዩ በየጊዜው እየከፈለ በመጨረሻው ክፍያ ባለቤት ይሆናል። ሦስተኛው አከራዩ በእጁ ያለውን ዕቃ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያከራይበት ነው። በዚህ በሦስተኛው ውል የሚነዳ ሰው ምንም ያህል ዓመት ቢከፍል መኪናው የእርሱ አይሆንም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት እከፍላለሁ?» ሳይሆን «ከፍዬ ስጨርስ ሊብሬው በማን ስም ይሆናል?» የሚለው ነው።

ስለ ሒሳቡ

ለማስረዳት ያህል የወሩ ኪራይ 100,000 ብር፤ የአንድ ጉዞ የጭነት ዋጋ 60,000 ብር፤ ለናፍጣ፥ ለአበልና ለልዩ ልዩ የመንገድ ወጪ የሚወጣው 35,000 ብር ነው እንበል። ከአንድ ጉዞ 25,000 ብር ይተርፋል ማለት ነው። ስለዚህ በወር የመጀመሪያዎቹ አራት ጉዞዎች ለአከራዩ የተሠሩ ናቸው። ስድስት ጉዞ ቢሳካ 50,000 ብር ይቀራል። ለጎማ፥ ለጥገና፥ ለመድንና ለረዳት ደመወዝ 30,000 ብር ቢቀመጥ ለነጂው የሚተርፈው 20,000 ብር ነው። በዚያ ወር ሦስት ጉዞ ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ጎማውና ጥገናው ሳይታሰብ ኪራዩ ብቻ 25,000 ብር ይጎድላል። ነጂው እነዚህን ቁጥሮች በራሱ መኪናና በራሱ መስመር ዋጋ ለውጦ ማስላት አለበት። ውጤቱም በደመወዝ ከሚያገኘው ጋር ይመዛዘን።

ስለ መንገዱና ስለ ወራቱ

የዚህ አገር መንገድ ሒሳቡን ያከብደዋል። መተማ በቆላ፥ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፥ መኪናው ሰሊጡን ተሸክሞ የሚሄደው ዳገቱን ሽቅብ ነው፤ ናፍጣውም የሚያልቀው በዚሁ ነው። ከደባርቅ በኋላ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬንን ይበላል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድም የዓባይን በረሃ ያቋርጣል። በሌላ በኩል የሰሊጥ ጭነት የሚበዛው ከመኸር በኋላ ሲሆን፥ በክረምት ሥራው ይቀዘቅዛል። ኪራዩ ግን ክረምትና በጋ አይለይም።

ስለ እክል

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በጥቅምት 2013 ዓ. ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት የጎንደርንና የሽሬን መስመር ዘጋ። በሚያዝያ 2015 ዓ. ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት የመተማን የድንበር ንግድ ጎዳ፤ በዚያው ዓመት በክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚመጣው ጎማና መለዋወጫ ተወደደ።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ ስለ ሆነ ኃይል ይናገራል። በዚህ ሕግ መሠረት ባለዕዳውን ነጻ የሚያወጣው፥ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። ግዴታው ከበፊቱ የከበደ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ናፍጣ ተወደደ ወይም ጭነት ጠፋ ብሎ ኪራይን ማስቀረት አይቻልም፤ መንገድ ሲዘጋ ክፍያው እንዲተላለፍ የሚፈልግ ሰው ይህንኑ በውሉ ውስጥ ማስጻፍ አለበት።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ሥራ በተሰማሩባት በአሜሪካ፥ መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምር ያቋቋመው ቡድን በ2017 ዓ. ም. ባቀረበው ሪፖርት፥ ጭነት የሚሰጠው ድርጅት ራሱ መኪናውንም ለነጂው የሚያከራይበት የግዥ ውል እንዲከለከል ሐሳብ አቅርቧል። ጭነቱም ኪራዩም በአንድ እጅ ሲሆን፥ ጭነት የቀነሰበት ነጂ ኪራዩን የሚከፍልበት ሌላ መንገድ የለውም።

ከመፈረም በፊት

1ኛ፤ መኪናው በታመነ መካኒክ ይመርመር፤ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር።
2ኛ፤ ነጂው ከፈለገው ሰው ጭነት የመቀበል መብቱ በግልጽ ይጻፍ።
3ኛ፤ ክፍያው በመኸር ወራት ከፍ፥ በክረምት ዝቅ እንዲል ይጠየቅ።
4ኛ፤ ሙሉ መድን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነና፥ አደጋ ቢደርስ ካሣው ለማን እንደሚሰጥ ይወሰን።
5ኛ፤ ክፍያ ቢዘገይ መኪናው ከስንት ቀን ማስጠንቀቂያ በኋላ እንደሚወሰድ፥ እስከዚያ የተከፈለውም ምን እንደሚሆን ይታወቅ።
6ኛ፤ ቢያንስ የሦስት ወር ኪራይ የሚሆን ተቀማጭ ሳይኖር አይፈረም።

ይህን ሁሉ አሟልቶ፥ ቋሚ ጭነት የሚሰጡት ደንበኞች ያሉት ነጂ ቢፈርም ተስፋ አለው። ያላሟላው ግን በደመወዙ ቢቆይ ይሻለዋል። ነጋዴውም ለነጂው ዋስ ከመሆኑ በፊት ውሉን ራሱ ያንብብ፤ ዕዳ ያስጨነቀው ነጂ ያረጀ ጎማ ሳይለውጥ ሊማሊሞን ሲወርድ፥ ከኋላው የተጫነው የነጋዴው ዕቃ ነውና።