«ሞተሩ ይሠራል፣ ውሃው ግን ጉልበት የለውም» — ያገለገለ የላቫጆ ፓምፕ ከመጣሉ በፊት ምን ይታይ?

አቃቂ ቃሊቲ ከጅቡቲ መስመር የሚመጡ ከባድ ተሽከርካሪዎች ወደ አዲስ አበባ የሚገቡበት በር ነው። ጭቃና አቧራ ተሸክሞ የሚደርስ መኪና በማይጠፋበት በዚህ አካባቢ የመኪና እጥበት ወይም ላቫጆ የብዙ ወጣቶች መተዳደሪያ ሆኗል። ወደ ዳር ወጣ ሲባል ደግሞ የከብት በረትና የወተት ዕቃ የሚያጥቡ አርቢዎች ይህንኑ ማሽን ይፈልጉታል። አዲሱ ውድ በመሆኑ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለውን ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሩ እየጮኸ ውሃው ሲልፈሰፈስ፣ ፓምፑ «ሞቷል» ተብሎ በብረት ዋጋ ይሸጣል። ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የችኮላ ነው። ጉልበት ያጣ ፓምፕ ሲፈታ የሚገኘው ጥፋት በአመዛኙ ከትንንሽ ክፍሎቹ አያልፍም።

ለሥራ የሚውሉት ማሽኖች ብዙዎቹ ሦስት ፒስተን አላቸው። ሞተሩ ዘይት ውስጥ የተቀመጠውን ክራንክ ሲያዞር ፒስተኖቹ በየተራ ወደኋላ እየተመለሱ ውሃ ይስባሉ፣ ወደፊት እየሄዱ ይገፋሉ። እያንዳንዱ ፒስተን አንድ የመግቢያና አንድ የመውጫ ቫልቭ ስላለው ቫልቮቹ በድምሩ ስድስት ናቸው። በአንዱ ቫልቭ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ከተቀረቀረ ቫልቩ አይገጥምም፤ የተገፋው ውሃም ወደመጣበት ይመለሳል። ፒስተኖቹን ዙሪያቸውን ያቀፉት ጎሚኒዎች ደግሞ ውሃው እንዳያመልጥ ያሽጋሉ።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ቢኖር ፓምፑ ውሃ ይገፋል እንጂ ግፊቱን ብቻውን አይፈጥርም። ግፊቱ የሚመጣው ያ ውሃ በኖዝሉ ጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ሲጨናነቅ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው በአሸዋ ተበልቶ ከሰፋ፣ ጤነኛ ፓምፕም የደከመ ይመስላል።

ሁለቱን ለመለየት ልኬት የተጻፈበት በርሜልና ሰዓት ይበቃል። በማሽኑ ሰሌዳ ላይ በደቂቃ 10 ሊትር ተብሎ የተጻፈ ከሆነ፣ ኖዝሉ ሳይወልቅ 20 ሊትር በ2 ደቂቃ መሙላት አለበት። መጠኑ ሞልቶ ግፊት ከሌለ መለወጥ ያለበት ኖዝሉ ነው። መጠኑ ከጎደለ ግን ችግሩ ወይ ከውሃ መግቢያው ነው፣ ወይ ከቫልቮቹና ከጎሚኒዎቹ ነው፣ አለዚያም የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ተጣብቆ ውሃውን ወደኋላ እየመለሰ ነው።

ፍተሻው ከመግቢያው ቢጀመር ይሻላል፤ ወጪ የለውምና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ሥር ደለል ይጠራቀማል፤ ደለሉ ማጣሪያውን ሲደፍነው ፓምፑ ውሃ ይጠማዋል። የመምጠጫው ጎማ ከላላም አየር ይገባል። አየር የሳበ ፓምፕ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃውንም እየቆራረጠ ይተፋል። ማጣሪያውን ማጠብ፣ ጎማውን ማሳጠርና ማጥበቅ፣ ሮቶውን ከፓምፑ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ብዙውን ችግር ይፈታል። ከወንዝ በቀጥታ መሳብ ግን አይመከርም። የአቃቂ ወንዝ ደለሉና ፍሳሹ ለእንዲህ ዓይነት ፓምፕ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ለውጥ ከሌለ ፓምፑ ይፈታል። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ከሶኬት ይነቀል፣ ውሃው ይዘጋ፤ ከዚያ የሽጉጡ ምላስ ተስቦ በጎማው ውስጥ የታመቀው ግፊት ይውጣ። የቫልቮቹ ክዳኖች ተፈትተው ቫልቮቹ በፒንሳ በዝግታ ይወጣሉ፤ የትኛው ከየት እንደወጣ በስልክ ፎቶ ማንሳት በኋላ ከመደናገር ያድናል። ቫልቩ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ነጭ የውሃ ቅርፊት ከያዘ አቼቶ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ በደንብ ይለቅለቃል። ፒስተኖቹ በአብዛኛው ሴራሚክ ስለሆኑ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ የለባቸውም፤ የተጫረ ፒስተን አዲሱን ጎሚኒም ይበላል። ጎሚኒ ሲቀየር ከንፈሩ ወደ ውሃው ግፊት አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ የሚያሳዝነው ይህ ስህተት የሚታወቀው ሁሉም ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ቡሎኖቹ አንዱን ወገን ጨርሶ ሳይሆን በመስቀል አቅጣጫ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሲነሳ ሽጉጡ ተከፍቶ አየሩ እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ዘይቱም የሚናገረው አለው። እርጎ መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ጎሚኒው ሳይቀየር ዘይት ብቻ መቀየር ወጪን መድገም ነው። የፓምፑ ራስ ከተሰነጠቀ ወይም ክራንኩ ከተበላ ግን ጥገናው አያዋጣም። አንዳንድ ትንንሽ የቤት ውስጥ ማሽኖችም ሲሠሩ ጀምሮ እንዲፈቱ የታሰቡ አይደሉም።

በሞተር የሚሠራ ፀረ ተባይ መርጫ ያላቸው አርሶ አደሮችም ፓምፓቸው በፒስተን የሚሠራ ከሆነ ይኸው አካሄድ ያገለግላቸዋል። ሆኖም ከመፍታታቸው በፊት ማሽኑን በብዙ ውሃ ማለቅለቅና ጓንት ማድረግ ግድ ይላቸዋል። ያለቀለቁበት ውሃም ወንዝና ጉድጓድ አጠገብ አይደፋ።

ከጉዳቶቹ ሁሉ የሚናቀው የውሃው ራሱ ነው። የመኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ገደማ ሲሆን የዚህ ማሽን ከ100 ባር ሊያልፍ ይችላል። የሚያፈሰውን ቦታ በእጅ መዳሰስ ውሃውን ቆዳ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድን ይጠይቃል። እርጥብ ወለል ላይ የሚሠራ ሞተር ደግሞ የግራውንድ መስመር ሊኖረው ይገባል።

ከመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው በውሃ አስነስቶ ቢያይ፣ የዘይቱን ቀለም ቢመለከትና በፓምፑ ሥር ጠብታ መኖሩን ቢፈትሽ ይጠቀማል። ሰሌዳውንም ማንበብ አለበት። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመርም ቢሆን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም።