ጥቂት ኒኬል ያመጣው ታላቅ ግኝት

ከምንጭ ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን፣ እህል የምንከትበትና በተለምዶ «ማዳበሪያ» የምንለው ከረጢት፣ በሐኪም ቤት የምናየው የመርፌ አካል፣ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ከእጃችን የማይለዩ ስለ ሆኑ ከየት እንደ መጡ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እነርሱን ለመሥራት ያስቻለው ዕውቀት ግን በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም። አንድ የጀርመን ሊቅና አንድ የኢጣልያ ሊቅ ደክመውበታል፤ ከብረውበታል፤ ተቀያይመውበታልም። ታሪኩ ለተማሪም ሆነ በመሥሪያ ቤት ወንበር ተቀምጦ የሌላውን ሥራ ለሚመራ ወጣት ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ዛሬ ባጭሩ ልንገልጸው ወደናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፖሊመር ምንድን ነው?

ፖሊመር የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ብዙ ክፍል ያለው» ማለት ነው። ጥቃቅን ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ፖሊመር ይባላሉ። ጥጥ፣ እንጨትና የበግ ጠጉር ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀቻቸው ፖሊመሮች ናቸው። ሰው ከሠራቸው መካከል በአሠራሩ ቀላል የሆነው ፖሊኤቲሊን ነው። ኤቲሊን ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጂን ያለው ጋዝ ሲሆን፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ይዘጋጃል። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት ሞለኪውሎቹ ሲያያዙ ጋዝነቱ ቀርቶ ነጭና ጠጣር ነገር ይሆናል። ችግሩ ግን ጋዙ በገዛ ፈቃዱ አለመያያዙ ነው።

በ1933 በእንግሊዝ አገር አይ.ሲ.አይ. በተባለው ኩባንያ የሚሠሩት ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ኤቲሊንን ከአየር ግፊት ከሺህ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ጨምቀው ሲያሞቁት ጥቂት ሰም መሳይ ነገር አገኙ። ይህም ፖሊኤቲሊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራዳር ገመድ መሸፈኛ ሆኖ ታላቅ አገልግሎት ሰጠ። ነገር ግን ይህን የመሰለ ግፊት የሚችል ወፍራም የብረት ዕቃ ማሠራት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ደግሞም በዚህ ዘዴ የሚገኙት ሰንሰለቶች ቅርንጫፍ ስለሚያበዙ ፕላስቲኩ ለስላሳ ነው።

የሊቁ ሁኔታ

ካርል ዚግለር በ1898 ካስል በተባለችው የጀርመን ከተማ አጠገብ፣ ሄልሳ በምትባል መንደር፣ ከፕሮቴስታንት ቄስ ተወለዱ። በ1920 ከማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክቶርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1943 በሙልሃይም ከተማ የሚገኘውን የድንጋይ ከሰል ምርምር ተቋም እንዲመሩ በተጠየቁ ጊዜ አንድ ሁኔታ አቀረቡ። ይኸውም በከሰል ብቻ ሳይወሰኑ በማናቸውም የካርቦን ውህድ ላይ እንደ ፈቀዳቸው ለመመራመር ነጻነት እንዲሰጣቸው ነው። ተፈቀደላቸውም። የከሰል ተቋም መሪ ከከሰል ውጭ ያለ ሥራ እንዲሠራ መፍቀድ፣ ሒሳብ ለሚቈጣጠር ሰው ገንዘብ ማባከን ሊመስለው ይችል ነበር። የተገኘው ፍሬ ግን ወጪውን ብዙ እጥፍ ከፍሏል።

ዚግለር ከረዳቶቻቸው ጋር አሉሚኒየም ከካርቦን ጋር የተያያዘባቸውን ውህዶች ያጠኑ ነበር። እነዚህን ውህዶች ከኤቲሊን ጋር ሲያሞቋቸው፣ የኤቲሊን ሞለኪውሎች በአሉሚኒየሙና በካርቦኑ መካከል አንድ ባንድ እየገቡ ሰንሰለቱን ያስረዝሙታል። ሆኖም ሰንሰለቱ ብዙ ሳይረዝም ይበጠስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሆልስካምፕ የተባለ የዶክቶርነት ተማሪ ሙከራውን ሲደግም ያልታሰበ ነገር ገጠመው። ሰንሰለቱ በመርዘም ፈንታ ሁለት ሁለት ኤቲሊን ብቻ እየተጋጠመ ቡቲን የተባለ ጋዝ ሆነ። ይህን ውጤት «ሙከራው ተበላሽቷል» ብሎ ዕቃውን አጥቦ እንደ ገና መጀመር ቀላል ነበር። ዚግለርና ተማሪዎቻቸው ግን ምክንያቱን ለማወቅ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት በብረቱ ዕቃ ውስጥ የቀረ እጅግ ጥቂት ኒኬል ነው። በዓይን የማይታይ ያህል ትንሽ የሆነ ኒኬል የሥራውን መንገድ በሙሉ ለውጦት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው። ኒኬል ሰንሰለቱን የሚቈርጥ ከሆነ ሌሎቹ ማዕድኖች ምን ያደርጉ ይሆን? ረዳቶቹ ማዕድኖቹን በተራ እየወሰዱ መሞከር ጀመሩ። ሃይንስ ብራይል የተባለው ተማሪ በጥቅምት ወር 1953 ዚርኮኒየም ያለበትን ውህድ ሲሞክር ተቃራኒውን አገኘ። ዕቃው በነጭ ጠጣር ፖሊኤቲሊን ተሞልቶ ተገኘ። ቀጥሎ ሃይንስ ማርቲን ቲታኒየም ክሎራይድን በሞከረ ጊዜ ሥራው ከቀድሞው ይልቅ ፈጠነ። ወፍራሙ የብረት ዕቃና ታላቁ ግፊት አላስፈለገም። በተራ የብርጭቆ ብልቃጥ፣ በተለመደው የአየር ግፊት፣ ጋዙ በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ነጭ ዱቄት እየተፈጠረ ፈሳሹ እንደ ገንፎ ይወፍር ጀመር።

እንዲህ ያለውን ነገር የኬሚስትሪ ሊቃውንት ካታሊስት ይሉታል። ካታሊስት እንደ አገር ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን አገናኝቶ፣ አጋብቶ፣ እርሱ ራሱ ሳያገባ ወደ ሌላው ጕዳይ ያልፋል። የቲታኒየሙም አቶም እንደዚሁ ኤቲሊኑን ከሰንሰለቱ ጫፍ ጋር አያይዞ ለሚቀጥለው ሞለኪውል ቦታ ይሰጣል። በዚህ መንገድ የተገኘው ሰንሰለት ቅርንጫፉ እጅግ ጥቂት ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ሲከመር ተጠጋግቶ እንደሚቀመጥ፣ ቀጥ ያሉትም ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ስለሚጠጋጉ ፕላስቲኩ ጠንካራ ይሆናል፤ የፈላ ውሃም ይችላል። ጀሪካን የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ነው።

ክብርና ቅያሜ

በሚላኖ ፖሊቴክኒክ የሚያስተምሩት ፕሮፌሶር ጁልዮ ናታ ደግሞ ሞንቴካቲኒ ለተባለው የኢጣልያ ኩባንያ አማካሪ ነበሩ። ኩባንያው ከዚግለር ጋር ውል ስለ ነበረው የሙልሃይሙ ወሬ ወደ ሚላኖ ደረሰ። በመጋቢት ወር 1954 የናታ ላቦራቶሪ ይህንኑ ዘዴ ከኤቲሊን በአንድ ካርቦን በሚበልጠው በፕሮፒሊን ላይ ሞክሮ ፖሊፕሮፒሊንን አገኘ። ናታ በራጅ ጨረር መርምረው፣ በሰንሰለቱ ላይ ያሉት የጎን ክፍሎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተሰልፈው መገኘታቸውን አረጋገጡ። ይህን ሥርዓት «አይሶታክቲክ» ያሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮሲታ ናቸው። ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት የሚፈተለው ከዚሁ ከፖሊፕሮፒሊን ነው።

ሞንቴካቲኒ ግን ለፖሊፕሮፒሊን የፓተንት ማመልከቻ ሲያስገባ ለዚግለር አስቀድሞ አልነገራቸውም። ዚግለርም በቤታቸው ሰዎች ትጋት ይህንኑ ካገኙ በኋላ መቀደማቸውን ሲሰሙ እጅግ አዘኑ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1963 የኖቤልን ሽልማት በኬሚስትሪ አብረው ተቀበሉ፤ የቀድሞው ወዳጅነት ግን እንደ ነበረ አልተመለሰም። በአሜሪካም የፊሊፕስ ኩባንያ ኬሚስቶች ሆጋንና ባንክስ በ1951 በክሮሚየም ካታሊስት ፖሊፕሮፒሊን አግኝተው ስለ ነበር፣ የፓተንቱ ክርክር ብዙ ዓመት ፈጅቶ በ1983 መብቱ ለእነርሱ ኩባንያ ተሰጠ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ውል ሲፈረም ማን ምን እንደሚያሳውቅ በግልጽ አለመጻፉ የገንዘብ ጕዳት ብቻ ሳይሆን የሰውንም ፍቅር ያሳጣል።

ከሊቃውንቱ በኋላ ሥራው አልቆመም። በ1970ዎቹ ዓመታት በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሃንስየርግ ዚንና ዋልተር ካሚንስኪ በሙከራቸው ውስጥ ጥቂት ውሃ በመግባቱ ካታሊስቱ በመሞት ፈንታ እጅግ ሲበረታ አዩ። ውሃ ለዚህ ዓይነት ካታሊስት እንደ መርዝ ይቈጠር ነበር። እነርሱም እንደ ዚግለር ምክንያቱን ተከታትለው አዲስ የካታሊስት ወገን አስገኙ።

ይሁን እንጂ የሥራው ሌላ ገጽታም አለ። ሰንሰለቱ ጠንካራና ቀጥ ያለ መሆኑ ዕቃውን እንዲቈይ ቢያደርገውም፣ ከተጣለም በኋላ አይበሰብስም። ዛሬ በዓለም በየዓመቱ የሚሠራው ፕላስቲክ ከ400 ሚሊዮን ቶን ይበልጣል። ፌስታሉ ለደቂቃዎች አገልግሎ በወንዝና በእርሻ ላይ ብዙ ዘመን ይቀመጣል። ስለዚህ የዛሬ ኬሚስቶች ሰንሰለቱን መልሶ የሚፈታ ካታሊስት በመፈለግ ላይ ናቸው። ዚግለር መያያዣውን ሲፈልጉ፣ የእነርሱ ጥያቄ መፍቻው ነው።

ይህን ሥራ ነገ ከወጣቶቻችን አንዱ ሊሠራው ይችላል። ለዚህም ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ያልጠበቀውን ውጤት ሳይደብቅ በደብተሩ የሚጽፍበት ቅን ልብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይህ ከከሰል ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ በሩን የማይዘጋበት አለቃ ነው።