ለገዳሪፍ ቆላ የሚሆን ባትሪ

በሱዳን ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ፣ የኢትዮጵያን ድንበር ከተሻገሩም በኋላ በመተማና በሑመራ ቆላ፣ ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ ሠራተኛና ዘር የሚያመላልሰው መኪና ብዙ ጊዜ ያረጀ የናፍጣ ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ ሰባዎቹ የሚባሉትን ላንድክሩዘሮች ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ 1ኤችዜድ የተባለውን ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ሞተር ገጠመላቸው። ይህ ሞተር ኮምፒውተር የለውም። ናፍጣውን የሚረጨው ፓምፕ በሞተሩ ጉልበት የሚዞር ስለሆነ፣ መኪናው አንዴ ከተነሣ ለጉዞው ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው የናፍጣውን መዝጊያ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ኃይል ብቻ ነው። እንግዲህ የባትሪው ዋና ሥራ ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ሰከንድ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ሥራው እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ባትሪ በዚህ አገር ቶሎ ያልቃል፤ ያለቀውን የሚተካ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቱ ነው። የኔ ክርክር ጥያቄው መገልበጥ አለበት የሚል ነው፦ በገዳሪፍ ባትሪ የሚመረጠው በማስነሣት ጉልበቱ ሳይሆን ሙቀትን በመቻሉ ነው።

በባትሪው ሽፋን ላይ በትልቁ የሚታተመው ሲሲኤ የተባለው ቁጥር የሚለካው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነው። አዲስ ባትሪ በዚያ ብርድ ለ30 ሰከንድ ስንት አምፔር ሰጥቶ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ ይቆያል የሚለውን ይነግረናል። ለካናዳ ወይም ለኖርዌይ ሹፌር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በገዳሪፍ ግን ሚያዝያ ላይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የሞተር ዘይቱ ቀጭን ነው፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርም የሞቀ ስለሆነ ቀድሞ ማሞቅ ብዙም አያስፈልገውም። እርግጥ የናፍጣ ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ አምቆ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሞተሪኖው ሲነሣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይጠይቃል። ሆኖም በሙቀት ውስጥ ያለ ጤነኛ መካከለኛ ባትሪ ይህን ያለ ችግር ይሰጣል። ሊታሰብበት የሚገባው ያ ትልቅ ቁጥር የሚገኝበት መንገድ ነው። ፋብሪካው በአንድ ሳጥን ውስጥ ብዙ ቀጫጭን የእርሳስ ፕሌቶችን ሲደረድር አሲዱ የሚነካው ስፋት ይጨምራል፣ ቁጥሩም ይወጣል። ቀጭን ፕሌት ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይበላል። ለዚያ ቁጥር የሚከፍል ሰው የማያስፈልገውን ነገር ገዝቶ የሚያስፈልገውን ዕድሜ ይሸጣል።

ሙቀት ባትሪን የሚጎዳው በብዙ በኩል ነው። በውስጡ የሚካሄደው ኬሚካዊ ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይፈጥናል፤ ይህ የሚያስነሣውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የሚያፈርሰውንም ይጨምራል። በፖዘቲቩ ፕሌት ውስጥ ያለው የእርሳስ መረብ ይዝጋል፣ ውሃው ወደ ጋዝ ተለውጦ ይወጣል፣ ቆሞ ያለ ባትሪም በራሱ ቶሎ ይደክማል። ከኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው በብዙ ይበልጣል፤ 60 ዲግሪ መድረሱ የሚያስገርም አይደለም። በ25 ዲግሪ ባትሪውን የሚሞላው 14.4 ቮልት በዚህ ሙቀት ይበዛበታል፤ በየ10 ዲግሪው 0.2 ቮልት ያህል መቀነስ አለበት፣ ማለትም በ60 ዲግሪ 13.7 አካባቢ ይበቃዋል። ያረጀ ዲናሞ ይህን ማስተካከያ ላያደርግ ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ከተበላሸ እንዲያውም 15 ቮልት ይልክና ባትሪውን ያፈላዋል። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ስለዚህ ከገበያ በፊት ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ቮልት ይለካ። ከባትሪው ወደ ሻሲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድም ይታይ፤ ሞቷል የተባለ ባትሪ አንዳንዴ በዛገ ገመድ ምክንያት የተጣለ ደህና ባትሪ ነውና።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው ክዳን ያለውን፣ ውሃ የሚጨመርበትን፣ ፕሌቱ ወፍራም የሆነውን የቆየ ዓይነት ባትሪ ነው። መረቡ አንቲሞኒ የተቀላቀለበት እርሳስ ሲሆን ይጠነክራል፣ ደጋግሞ መራገፍንም ይችላል፤ በምትኩ ውሃ ይጠጣል። ደረቅ ባትሪ በሚባለው፣ ክዳን በሌለው ዓይነት፣ አንቲሞኒው በካልሲየም ስለሚተካ ውሃው የሚጠፋው በጥቂቱ ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። በበረሃ የባትሪ ውሃ ከየት ይገኛል? ሹፌሩስ መቼ ክዳን ከፍቶ ያያል? ውሃ የማይጠጣ ባትሪ መግዛት አይሻልም? ዲናሞው በልክ በሚልክበት፣ ከከተማ በማይወጣ መኪና ላይ ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ደረቁ ይሻላል። ባረጀ መኪናና በ40 ዲግሪ ግን ደረቁም ውሃውን ያጣል፤ ልዩነቱ የጎደለውን ማየትም መተካትም አለመቻሉ ነው። ክዳን ያለው ባትሪ ችግሩን ቀድሞ ያሳያል፣ አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ከመቀመጫ ሥር መያዝም ከባድ አይደለም። የጉድጓድ ውሃ ግን ጨውና ብረት ስላለው አይሆንም። የጎደለውን በአሲድ መሙላት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የወጣው ውሃ ብቻ ስለሆነ የሚጨመር አሲድ ፕሌቱን ከመብላት ሌላ ጥቅም የለውም። ኤጂኤም የሚባለው ውድ ባትሪ ንዝረት ይችላል፤ ከመጠን ያለፈ ቮልት ግን አይችልም። ሊትየም በሞተር ክፍል ሙቀት ውስጥ እንዲቀመጥ ብዙዎቹ አምራቾች ራሳቸው አይመክሩም፣ ዋጋውም ሌላ ነገር ነው።

በሱቅ ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ባትሪም እንደ አሮጌ ይቆጠር። በዚያ ሙቀት ሳይሞላ የቆየ ባትሪ ፕሌቱ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ በኋላ ቢሞላም ሙሉ ጉልበቱ አይመለስም። አሲድ ሳይገባበት የተላከ፣ ሲሸጥ የሚሞላ ባትሪ ከተገኘ ለእንዲህ ያለ አገር የተሻለ ነው፤ ዕድሜው የሚቆጠረው አሲዱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነውና። አሲዱ ሲሞላም ስለ ጥግግቱ መጠየቅ ተገቢ ነው። በቀዝቃዛ አገር 1.28 የሚሆነው ለሞቃት አገር ወደ 1.24 ዝቅ ይደረጋል፤ ትንሽ የማስነሣት ኃይል ይቀንሳል፣ የፕሌቱን ዕድሜ ግን ያረዝማል። አሲድ ገብቶበት የተሸጠ ከሆነ ደግሞ የተሠራበት ቀን ይነበብ፣ ቮልቱም ይለካ፦ 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.4 ከሆነ ሩቡን አጥቷል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሻጩ ቢቆጣም መተው ነው።

መኪናው ቆላ ብቻ አይውልም የሚል ሌላ ተቃውሞም አለ። ከ700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት መተማ ተነሥቶ በአንድ ቀን ጎንደር፣ 2,100 ሜትር ላይ፣ ከዚያም ደባርቅ፣ 2,800 ሜትር ላይ ይወጣል። የደባርቅ ጠዋት ይበርዳል፤ ቢሆንም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከቶ አይደርስም። ጤነኛ ባትሪ በዜሮ ዲግሪ እንኳ ከሞቃት ጊዜ ኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ይሰጣል፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹም የቀረውን ያግዛሉ። በሙቀት የተበላ ባትሪ ግን ድክመቱ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ዳገት ላይ ነው፤ ሹፌሩም ብርዱን ይከሳል። ገዳዩ ግን ከሳምንታት በፊት ገላባት ነበር።

መጠኑን በተመለከተ ብዙ ማውራት አያሻም። የጃፓን መኪና የጃፓን መለያ ያለው ባትሪ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ 95ዲ31 ሲባል 31 ርዝመቱን በሴንቲሜትር የሚነግር ነው፣ ከቁጥሩ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ፊደል ደግሞ ፖዘቲቩ በየት በኩል እንዳለ ይለያል። ሳጥኑ ከመደብ ማሰሪያው ጋር መግጠም አለበት። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ የጎማ ጎድጎዳው ደርቆ ድንጋይ የሚሆን ነው፤ ያልታሰረ ባትሪ በዚያ ላይ ሲነጥር በፕሌቱ ላይ የተለጠፈው ሥራ የሚሠራው ቁስ እየረገፈ ወደ ሥር ይወርድና ፕሌቶቹን እርስ በርስ ያገናኛል። የማሰሪያ ብሎን ርካሽ ነው፤ ግን ብዙ መኪና ላይ በገመድ ወይም በካላማዳሪ ተተክቶ ይታያል።

ከእነዚህ አሮጌ መኪኖች አንዳንዶቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተከታትለው ይታሰሩባቸዋል። እነዚህ ላይ አንዱን ብቻ መቀየር ትልቅ ስሕተት ነው፤ አዲሱና አሮጌው በእኩል አይሞሉምና አንዱ ሲፈላ ሌላው ይራባል። የመገናኛ ሬዲዮ ወይም ሌላ ባለ 12 ቮልት ዕቃ ከአንዱ ባትሪ ብቻ መሳብም ያንኑ ጉዳት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ከትግራይ የሸሹት ሰዎች በደረሱባቸው፣ በሱዳን በሚገኙት በሐምዳይትና በኡም ራኩባ ዙሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮም የሱዳን ጦርነት ሰዎችን በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ መተማ በገፋ ጊዜ፣ የእርዳታ መኪና ቆሞም ሬዲዮ ያሠራ፣ ስልክ ያስሞላ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ከማስነሻው የተለየ ሁለተኛ ባትሪ፣ ደጋግሞ መራገፍን የሚችል ዓይነት፣ በመለያ ማብሪያ ታስሮ ቢሰጠው የሁለቱም ዕድሜ ይረዝማል። እርሻ ላይ የሚውለው ደግሞ ክረምቱን፣ ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉትን፣ በጭቃ ምክንያት ቆሞ ሊያሳልፍ ይችላል። ያኔ ባትሪው ሙሉ ተደርጎ የኔጌቲቭ ገመዱ ይነቀል፣ ከብረት ጣሪያ ሥር ወጥቶ ጥላ ባለው ክፍል ይቀመጥ፣ በየወሩም ይሞላ፤ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ከቮልት መቆጣጠሪያ ጋር ካለ ለዚህ ሥራ ይበቃል።