የልጄ ዓይን ሁሌ ያነባል፤ ምን ላድርግ?



በቅርቡ አንዲት እናት የ4 ወር ልጇን ይዛ መጣች። የግራ ዓይኑ ሳያለቅስም ያነባል፤ ጠዋት ሲነቃ ደግሞ በአይናር ተጣብቆ አልከፈት ይላል። አያቱ «ምች ነው» ብለው የጡት ወተት አስጨምረውበታል፤ አባቱ ደግሞ ከፋርማሲ 3 ዓይነት ጠብታ ገዝቷል። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ ዓይኑ ይጠፋ ይሆን?»

በውስጥ መስመርም ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ እስኪ ዘርዘር አድርገን እንየው።

🔹 ምክንያቱ ምንድነው?

እንባ ዓይናችንን ካረጠበ በኋላ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ ገብቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ሕፃናት ግን የቱቦው የታችኛው ጫፍ በስስ ሽፋን እንደተዘጋ ይወለዳሉ። መውረጃ ያጣው እንባ ሞልቶ በጉንጫቸው ይፈሳል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ከ10 ሕፃናት የ9ኙ ገደማ 1 ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈታል።

🔹 ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

✅ ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
✅ ጣታችሁን በዓይኑ የውስጠኛ ጥግና በአፍንጫው መካከል አድርጉና ጫን እያላችሁ ወደ ታች አንሸራትቱ። ዓይኑን ራሱን አትጫኑ።
✅ ይህንን ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ደጋግሙት።
✅ አይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹህ ጥጥ ጥረጉ። አንዱን ጥጥ ለሁለቱም ዓይን አትጠቀሙ።

🔹 ምን አናድርግ?

❌ የጡት ወተት፣ ኩልም ሆነ ሌላ ነገር አትጨምሩበት።
❌ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ጠብታ አትግዙ። አንቲባዮቲክ ኢንፌክሽን ካለ ይጠቅማል እንጂ የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

🔹 መቼ ነው ቶሎ ወደ ሐኪም የምንሄደው?

⚠️ ልጁ ገና 1 ወር ሳይሞላው ብዙ መግል ከወጣና ቆቡ ካበጠ
⚠️ የዓይኑ ጥግ ካበጠና ከቀላ፣ ወይም ትኩሳት ካለው
⚠️ ብርሃን ከሸሸ፣ የዓይኑ ጥቁር ክፍል ከተለቀ ወይም ጭጋግ ከለበሰ። ይህ ግላኮማ ሊሆን ይችላል፤ ከዘገየ በእርግጥም ዓይን ያጠፋል።

1 ዓመት ሞልቶትም ካልተሻለው የዓይን ሐኪም በማደንዘዣ ቱቦውን በቀጭን መሣሪያ ይከፍተዋል። ቀላልና አጭር ሕክምና ነው።

አዋቂ ሆናችሁ ዓይናችሁ የሚያነባ ከሆነ ግን መንስኤው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሳትታሹ ታዩ።

ያቺ እናት በ2ኛ ወሯ ስትመለስ የልጁ ዓይን ደርቆ ነበር። ማን እያሸው እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች፤ «አያቱ ናቸው፣ ለማንም አይሰጡም!»

ሕፃን ልጅ ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።