የይፋቱ ሳክስፎን

ሸዋሮቢት ውስጥ ሳክስፎን መማር የሚመኝ ልጅ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማነሳለት ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ነው። የእኛው ሰው ናቸው፤ በ1935 ይፋት ተወለዱ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት)። የጀመሩት በክራርና በመሰንቆ ነው፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ኋላ መጡ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ሽለላን በቴነር ሳክስፎን መንፋታቸው ነው። ሸላይ ድምፁን ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጎትታል፣ በጉሮሮው ያንቀጠቅጠዋል፣ ድንገት ይቆርጠውና እንደገና ይነሳል። ይህን በፒያኖ ማውጣት አይቻልም። ሳክስፎን ግን አካሉ ናስ ቢሆንም ድምፁ የሚመነጨው ከቀጭን የሸምበቆ ልሳን ነው፤ ከንፈርና አገጭ ሲላላና ሲጠብቅ ድምፁ ይንሸራተታል፣ ይርገበገባል። ጋሽ ጌታቸው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ1840ዎቹ የፈለሰፈውን መሣሪያ በይፋት ጉሮሮ አስጮኹት። መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይወጡ ነበር። በስተርጅና፣ በ2006፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አሳተሙ። በ2016 በ81 ዓመታቸው አረፉ።

ጋሽ ጌታቸው የተነሱት ከሽለላ ዜማ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እዚህ ላይ ነው። ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ ሆኖ ቆላውን በዜማው የሚያናውጥ ልጅ ኖታ ስለማያነብ ብቻ «ሙዚቃ አያውቅም» ይባላል። ኖታ ይማር፤ ያለ ኖታ ኦርኬስትራ ውስጥ መቀመጥ ይከብዳል። ግን በሩ ላይ የሚጠየቅ መታወቂያ መሆን የለበትም።

አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ደግሞ ጭራሽ የሚያስበው የለም። አሜሪካዊው የክላሲካል ሳክስፎን ተጫዋችና የዩኒቨርሲቲ መምህር ዴቪድ ናብ ስትሮክ መትቷቸው አንድ እጃቸው ከሥራ ውጭ ሲሆን፣ ጄፍ ስቴሊንግ የተባለ ባለሙያ በአንድ እጅ ጣቶች ብቻ የሚሠራ ሳክስፎን አበጀላቸው። መጫወቱንም ማስተማሩንም ቀጠሉ። ያኔ የተለወጠው መሣሪያው ነው። እኛ ዘንድ ግን «አይሆንልህም» ተብሎ የሚመለሰው ልጁ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ነገ ሸዋሮቢት አይደርስም፤ ቢሆንም መሰንቆ በጣት ብዛት አይመርጥም፣ ከበሮም ዓይን አይጠይቅም፣ ለዘፈን ደግሞ እጅ አያስፈልግም።

የሙዚቃ ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያውቀውን እንዲያዜም ጠይቁት። ትዝታ ይሁን ባቲ፣ ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው። እነዚያን አምስት ድምፆች መሣሪያው ላይ አብራችሁት ፈልጉ፤ ኖታውን ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ ጻፉለት፣ የገዛ ዜማውን ሲያነብ ቶሎ ይገባዋል።